ያላየሁት ቱቦ

ረቡዕ፣ ጥር 14

ዛሬ ደብተሩን የከፈትኩት ለመኩራራት ነው። ማንም ስለማያነበው ልኩራ። የላብራቶሪ ኃላፊያችን በሁለት ወር ውስጥ ጡረታ ትወጣለች። ቦታው በማስታወቂያ ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ በመጨረሻው ቀን ማመልከቻዬን አስገባሁ። ከእኔ ሌላ ያመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቅጹን ሞልቶ ፊርማውን ረስቷል አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርም ሳበቅል ኖሬ አሁን አንድ ወንበር ቢሰጠኝ ማን ይቀየማል?

ሥራው በዝቶ ዋለ። አራተኛ ፎቅ የተኛች አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። የስፌት መኪና መርፌ ጣቷን ወግቷት፣ ጣቱ መግሎ፣ ትኩሳት ይዟት ነው የገባችው። ከተቀዳላት ሁለት ጠርሙስ ደም በአንዱ ስታፍ የሚባለው ጀርም በቅሏል። የትኛው ስታፍ እንደሆነ መለየት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

ሁለቱ ስታፎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁለቱም እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው ነው የሚቀመጡት። አንደኛው፣ እኛ «ነጩ» የምንለው፣ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ሰላማዊ ጎረቤት ነው። ደም ሲቀዳ በመርፌው ጫፍ ተንጠላጥሎ ጠርሙስ ውስጥ ይገባና በከንቱ ያስደነግጣል። ሌላኛው «ወርቃማው» ነው። እሱ ደም ውስጥ ከተገኘ ቀልድ የለም፤ ልብ ድረስ ይዘልቃል። ስሙ ወርቃማ ይሁን እንጂ ገና ሲበቅል እሱም ነጣ ስለሚል በመልክ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ ከጥንቸል ፕላዝማ ጋር ቱቦ ውስጥ ቀላቅለን ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ፕላዝማው ከረጋ ወርቃማው ነው። ካልረጋ ነጩ።

አንድ ተንኮል ግን አለው። አንዳንዱ ወርቃማ ያረጋውን መልሶ ያቀልጠዋል። ቱቦው በገባ በአራተኛው ሰዓት ያላየው ሰው በማግስቱ ጠዋት ውሃ ብቻ አግኝቶ ይሸወዳል። በማሞቂያው በር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የአራተኛውን ሰዓት ንባብ ሳያዩ መሄድ ክልክል ነው» ብዬ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ቁጣ ነው።

የልብስ ሰፊዋን ቱቦ ከቀኑ በአምስት ሰዓት አስገባሁ። ንባቡ ዘጠኝ ላይ ነው። እኔ እናቴን ለዓይን ቀጠሮዋ ልወስዳት ስምንት ላይ ስላስፈቀድኩ መዝገቡን ሞልቼ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ጠዋት ቱቦው ውሃ ነው። አልረጋም። ነጩ ነው፤ እንደገመትኩት።

ዶክተሩ ደወለ። ልጅ እግር ነው፣ ጥያቄ ያበዛል። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። እኔም «ሃያ ስድስት ዓመት እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። ሳቀ። «እሺ፣ መድኃኒቱን አቆማለሁ። ግን ጀርሙ እንዴት ገባ?» ሲለኝ «ቆዳው በደንብ ሳይጠረግ ነዋ! ደሙን የቀዳውን ሰው ጠይቅ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

የመጨረሻዋን ቃል ባልናገር ይሻል ነበር። ቢሆንም ነጩ ከሆነ የመጣው ከቆዳ ነው፤ ሐሰት አልተናገርኩም።

ሰኞ፣ ጥር 19

ሻይ ክፍል ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ ዜና ሲያሰራጭ ደረስኩ። ሁላችንም «ሬዲዮ» ነው የምንለው፤ የማይዘጋ ስለሆነ።

«ለሲስተር ቀስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት» ይላል። «ቆዳ ሳትጠርግ ደም ቀድታ ጀርም አስገባች ተብሎ ነው። የልብስ ሰፊዋን።»

ሲስተር ቀስ የአራተኛ ፎቋ ነርስ ናት። ስሙን ያወጡላት ሕመምተኞቹ ናቸው። መርፌ ይዛ ስትመጣ «ቀስ፣ ቀስ ብለን» ስለምትል፣ የምትሠራውም እንደዚያው ስለሆነ። ሰዉ ሳቀ። «እሷን በችኮላ መክሰስ ኤሊን ፈጥነሻል ብሎ እንደ መቅጣት ነው» አለ አንዱ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ድና ወጥታለች። ትኩሳቷ ጠፍቶላታል። እንግዲህ ልክ ነበርኩ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ጥር 23

እናቴ እራት ላይ «ልጄ፣ ዓይኔን መቼ ነው የምትወስደኝ?» አለችኝ። እናቴ ትረሳለች። እህቴ ግን ሳህን እያነሳች «አልረሳችም። ሐሙስ ለሐሙስ ነው የተቀጠረችው፤ ሁለቱንም ሐሙስ የወሰድኳት እኔ ነኝ። አንተን የምትለው የመነጽሩን ነው» ስትል ሰማኋት።

ደክሞኛል። ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ መጣች። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ የወገብ ሕመም። አዲስ ደም ተቀድቷል። የቀዳችው ሲስተር ቀስ ናት አሉ፤ አጠገቧ ሌላ ነርስ አቁመው። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ እንደ ተማሪ ልጅ።

ረቡዕ፣ ጥር 28

አራቱም ጠርሙስ በቅሏል። አራቱም።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ቱቦውን በአምስት ሰዓት አስገባሁ። ምሳ አልበላሁም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩን ከፍቼ ቱቦውን ዘንበል አደረግሁት። ረግቷል። ብገለብጠውም አይንቀሳቀስም።

«ወርቃማው ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። ሬዲዮ መጥቶ አየና «ይሄማ ምን ጥያቄ አለው!» አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው ቀጠለ። «የፊተኛውን እንኳ ያን ዕለት ዘጠኝ ላይ ላየው ሄጄ ነበር። መዝገቡ ላይ "አልረጋም" ብለህ ሞልተኸው ሳይ አንብቦታል ብዬ ተውኩት።»

ስለዚህ ሰው ነበረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በማሞቂያው በር ፊት የቆመ፣ እጁን ሊዘረጋ የነበረ ሰው ነበረ። ባዶ ብተወው ኖሮ ያየው ነበር።

ምን ልል ነው? ጀርሙ የማብቀያ ሳህኑ ላይ ነጣ ብሎ ነበር የበቀለው። ከመቶ ዘጠናው እንደዚያ ሲነጣ ነጩ ነው። ብዙ ዓመት ያየ ዓይን... እዚህ ላይ ማቆም ይሻላል።

የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ጀርም ለአንድ ወር ማቀዝቀዣ ውስጥ እናቆያለን። የፊተኛው የእሷ ጀርም አሁንም እዚያው ነው። ነገ ለብቻዬ ልሞክረው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፊተኛው ጀርም ረጋ። ዛሬ ጠዋት መጥቼ ሳየው ውሃ ሆኗል። ያው ራሱ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደሟ ውስጥ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚህ ቱቦ ውስጥ ግን እያደር የጠራው ውሸቱ ነው።

እሺ። ማንም ስለማያነበው ልጻፈው። እናቴ ያን ረቡዕ ቀጠሮ አልነበራትም። ፎቶ ቤት ነበርኩ። ማመልከቻው ጉርድ ፎቶ ይጠይቃል። ማስገቢያው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለነበር ንባቤን ጨርሼ ብሄድም እደርስ ነበር። የቸኮልኩት መጀመሪያ ፀጉሬን ልቆረጥ ብዬ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ ተቀምጬ፣ ፎቶ አንሺው «ፈገግ ይበሉ እንጂ» ሲለኝ ፈገግ እያልኩ ነበር። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል። «አልረጋም» ብዬ የጻፍኩት ቱቦ በዚያች ሰዓት ረግቶ ተቀምጦ ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እኔ ግን የጣልኩት የሰው ነው።

ሰኞ ጠዋት እናገራለሁ። መጀመሪያ ለኃላፊዋ፣ ቀጥሎ ለዶክተሩ።

ሰኞ፣ የካቲት 3

አልተናገርኩም።

ኃላፊዋ ጠዋት ስብሰባ ገባች። ልጠብቃት ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ላይ ዶክተሩ ራሱ ወረደ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የአሁኑና የፊተኛው ጀርም አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?»

«ለምን ፈለግኸው?»

«አዲስ ከሆነ ሁለት ሳምንት መድኃኒት ሰጥቼ እሸኛታለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ልቧ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። ወረፋው ረጅም ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት አያስገቡልኝም።»

የምናገርባት ሰዓት ያችው ናት። ከዚህ የተሻለ በር ማንም አይከፍትልኝም ነበር። «ፊተኛው ነጩ ነው ተብሎ ወጥቷል» አልኩት። ማን ነው ያለው? ማን ነው ያወጣው? እሱ ግን ራሱን ነቅንቆ፣ አመስግኖኝ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የልብስ ሰፊዋ ባል ላብራቶሪ ድረስ መጣ። አናጺ ነው፤ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ነበረበት። በሁለት እጁ እጄን ይዞ «ጀርሙን ያገኙት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ምን እላለሁ?» አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። እሱ ትሕትና መሰለው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ኃላፊዋ ነበረች። ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለተኛው ላይ «ምነው?» ስትለኝ የወረቀት ጉዳይ አነሳሁ።

እህቴ «ምን ሆነሃል? ሹመቱን ከለከሉህ?» አለች። «ምንም» አልኳት።

ሆድ ይፍጀው የሚለው ሰው ሆዱ ሲፈጅ አይቶ አያውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ዛሬ ሲስተር ቀስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ልረብሽዎት?» አለች። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እንዲያውም ደስ አለኝ።

«ቆዳ አጠራረግ ያሳዩኝ» አለችኝ።

«አንቺን?»

«በትክክል የምጠርግ ይመስለኝ ነበር። በአልኮል አሻሽና እስከ ስልሳ ቆጥሬ ነው የምወጋው። ግን እርስዎ ከቆዳ ነው ካሉ ከቆዳ ነው። ምናልባት ስቆጥር እየዘለልኩ ይሆናል።» እጀታዋን ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «አሁን እስከ መቶ ሃያ ነው የምቆጥረው። ትናንት አንድ አባት "ልጄ፣ ቆዳዬን ልትገፊው ነው" አሉኝ።»

የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ «ጥፋቴን አምናለሁ» ብላ ፈርማ መልሳለች። ስለ እኔም ለአለቆቿ «እሳቸው አይሳሳቱም» አለቻቸው አሉ።

እኔስ ምን አደረግሁ? አሳየኋት። ጥጥ አነሳሁ፣ አልኮል ነከርሁ፣ ክንዷን ከመሃል ወደ ውጭ እያዞርኩ ጠረግሁላት። እሷ በለሆሳስ እየቆጠረች፣ ዓይኗን ከእጄ ሳትነቅል። ስንጨርስ «አየሽ፣ እንዲህ ነው» አልኳት። «ጎበዝ» አልኳት ደግሞ። አመስግናኝ ወጣች።

የዚህን ያህል ወራዳ መሆኔን አላውቅም ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህን፤ እኔ ደግሞ አህያው ራሴ ሆኜ ዳውላውን አስደበደብኩ። ከእንግዲህ ይህንን ደብተር መናዘዣ አላደርገውም። እዚህ ስጽፍ የቀለለኝ ይመስለኛል፤ ልብስ ሰፊዋ ግን እዚያው ናት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኃላፊዋ ኮቷን ሳታወልቅ ገብቼ ነገርኳት። ቱቦውን ሳላይ መዝገቡን እንደሞላሁ፣ ፎቶ ቤት እንደነበርኩ፣ የፊተኛውን ጀርም ደግሜ እንደሞከርኩ፣ አምስት ቀን እንደደበቅሁ። መነጽሯን አወለቀች። «ማሞቂያው ላይ የጻፍከው አንተ አይደለህ?» ብቻ አለች። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። «ለዶክተሩ ራስህ ደውል።»

ደወልኩ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሰኞ ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለ። ከዚያ አልትራሳውንድ ክፍል ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ ታየች። በልቧ በር ላይ ጀርሙ ያበቀለው ነገር አለ። ሲንቀሳቀስ ይታያል አሉ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ጠዋት ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ፊቷም ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ልቧ ላይ ካለው ነገር ቁራጭ ተነቅሎ ወደ ጭንቅላቷ ሄዷል።

ዶክተሩን በደረጃው ላይ አግኝቼ «ሰኞ ነግሬህ ቢሆን ኖሮ?» አልኩት። ቆመ። አሰበ። «አላውቅም ጋሼ» አለ። «እውነቱን ለመናገር አላውቅም።»

ቀኝ እጇ። ልብስ ሰፊ ናት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። ባጭሩ፦

ማመልከቻዬን አንስቻለሁ። ፎቶውን መለሱልኝ። ሦስት ወር ውጤት እንዳልፈርም ታግጃለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ኮሚቴው ይወስናል። ሬዲዮ ስለዚህ ጉዳይ ለማንም ቃል አልተነፈሰም፤ ከሁሉም የገረመኝ ይኸ ነው።

ለሲስተር ቀስ የተጻፈው ደብዳቤ ተሽሯል። ይቅርታ ልጠይቃት አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። የመድኃኒት ጋሪ እየገፋች ነበር፤ ሳታቆም ሰማችኝ። ስጨርስ «ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን ሳላምነው ነው የሠራሁት» አለች። «ያን ዕለት ክንዴን ይዘው ሲያስተምሩኝ ያውቁ ነበር?» አውቅ ነበር አልኳት። ጋሪውን ገፍታ ሄደች። ቀስ ብላ አይደለም።

ልብስ ሰፊዋ ትኩሳቷ ወርዷል። መድኃኒቱ ለስድስት ሳምንት ይቀጥላል። ንግግሯ ተመልሷል። ትተርፋለች ብለዋል። እጇን ግን እስካሁን «እናያለን» ነው የሚሉት። ሆስፒታሉ «የላብራቶሪ ስህተት ነበር» የሚል ወረቀት እንደሚጽፍላት ሰማሁ። ስህተት። ስህተት ማለት አይቶ መሳት ነው፤ እኔ መቼ አየሁ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ወረቀቱ ሳይደርሳት ልቅደም ብዬ ዛሬ ሄድኩ። እህቴ «ምን ልትላት ነው?» አለችኝ። «የሆነውን» አልኳት። ሸሚዜን ተኩሳ ሰጠችኝ።

ልብስ ሰፊዋን ከዚህ በፊት በዓይኔ አይቻት አላውቅም ነበር። ለእኔ እስከ ዛሬ ቁጥር የተለጠፈባት ጠርሙስ ነበረች። ቀጭን ናት፤ ከአርባ አይበልጣትም። በግራ እጇ ከአንድ ቆርቆሮ ክዳን ላይ ቁልፎች እያነሳች ወደ ሌላው ታስቀምጣለች፤ የሸሚዝ ቁልፎች። ቀኝ እጇ ትራስ ላይ ተኝቷል።

«ይቀመጡ» አለችኝ። «ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም። ላብራቶሪ ነኝ። የእርስዎን ደም የመረመርኩት እኔ ነኝ።»

ፊቷ በራ። «ጀርሙን ያገኙት! ባለቤቴ እኮ...»

«ቆይ» አልኳት። «መጀመሪያ ይስሙኝ።»

ነገርኳት። የዶክተር ቃል አልተጠቀምኩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማየት የነበረብኝ ቱቦ እንደነበረ፣ ሳላየው «አይቻለሁ» ብዬ እንደጻፍኩ፣ በዚያ ምክንያት መድኃኒቷ እንደቆመ፣ ካወቅሁም በኋላ ፈርቼ ዝም እንዳልኩ። ቁልፍ ማንሳቷን አቆመች።

«ለምን አላዩትም?»

«ፎቶ ልነሳ ሄጄ ነበር። ለሹመት ማመልከቻ። ጉርድ ፎቶ።»

«ስንት ሰዓት ነበር የቀረው?»

«አንድ ሰዓት።»

ወደ ቀኝ እጇ አየች። ልታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። «አንድ ሰዓት» አለች ለራሷ። «በአንድ ሰዓት የልጅ ዩኒፎርም ቀሚስ እጨርስ ነበር።»

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ማነሱን ሰማሁት። እሷም የሰማች አልመሰለኝም። «ባለቤቴ ያውቃል?» አለችኝ።

«አያውቁም።»

«ልጆቻችንን ማታ ሲያስተኛ ስለ እርስዎ ነው የሚነግራቸው። እናታችሁን ያዳነ ሰውዬ አለ እያለ።» አንዲት ቁልፍ በግራ እጇ አነሳች፤ ወደቀችባት። ላነሳላት ስል «ተዉት» አለችኝ። ራሷ ፈልጋ አነሳችው። «እኔ አልነግርልዎትም። እኔ የራሴ ይበቃኛል። እርስዎ ይንገሩት።»

እሺ ብዬ ተነሳሁ። በሩን ስከፍት አናጺው በኮሪደሩ መጨረሻ፣ እንዳይፈስበት እየተጠነቀቀ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ይመጣ ነበር። መግባቴን ነርሶቹ ነግረውት ኖሯል። ከሩቅ አይቶኝ ፈገግ አለና አንዱን ብርጭቆ ዘረጋልኝ።

ሳልቀበለው ነገርኩት።